ልጅን በጨበጠው ኪሎ አትምረጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምት ሲገባ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ አቃቂ፣ በከተማው ዳር በተረፈው ሜዳ ሁሉ የታዳጊ ፕሮጀክት ምልመላ ይጀመራል። ልጆቹ ተሰልፈው ቁመታቸው ይለካል፣ በሰዓት ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ። ዳይናሞሜትር የሚባለውን የመጨበጥ ኃይል መለኪያ ያገኘ አሠልጣኝ ደግሞ አንድ በአንድ ያስጨብጣቸውና መርፌው ያቆመበትን ኪሎ ከስማቸው ጎን ይጽፋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝርዝሩ ከትልቁ ኪሎ ወደ ትንሹ ይደረደርና ከታች የቀሩት «በርቱ፣ ለከርሞ ኑ» ተብለው ይሸኛሉ። መሣሪያ የሌለውም ቢሆን «ሰላም ሲል እጅ ያደቃል» ብሎ በሰላምታ የሚመርጥ አይጠፋም።

እኛ በዚሁ ዳርቻ ታዳጊ የምናሠለጥንና ሰውነት ማጎልመሻ የምናስተምር ሰዎች ነን። የመጨበጥ ኃይል መለካቱን አንቃወምም፤ ፈጣን፣ ቀላልና በአግባቡ ከተያዘ ብዙ የሚናገር ልኬት ነው። የምንቃወመው አንድ ቀን የተገኘ ቁጥር ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለን ልጅ ዕጣ እንዲቆርጥ መደረጉን ነው። በዚያ ዕድሜ መርፌው ከሁሉ በፊት የሚያሳየው ልጁ በዕድገቱ የት እንደደረሰ ነው፤ ሥልጠናና ተሰጥኦ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከሥሩ እንነሣ። የምንጨብጥበት ጉልበት አብዛኛው መዳፍ ውስጥ አይደለም ያለው። ጣቶችን የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች የተቀመጡት ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ ነው፤ ከእነሱ የሚነሡ ረጃጅም ጅማቶች በእጅ አንጓ በኩል አልፈው እስከ ጣት ጫፍ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ክንዱ የረዘመ፣ መዳፉ የሰፋ፣ ጡንቻው የሞላ ልጅ ስፖርት ሠራም አልሠራም ብዙ ኪሎ ይጨብጣል።

ከ5 እስከ 11 ዓመት ገደማ ኃይሉ የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው፤ ወንድና ሴት ልጅም ብዙ አይበላለጡም። በብሪታንያ የ12 ጥናቶችን ውጤት፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ልኬት፣ ባንድ አጠቃልሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አለ። በእሱ መሠረት የ5 ዓመት ልጅ መካከለኛ የመጨበጥ ኃይል 8 ኪሎ ነው፣ ወንድም ይሁን ሴት። በ10 ዓመት ወንዱ 17፣ ሴቷ 16 ይሆናሉ። በ15 ዓመት 29 እና 24፣ በ20 ዓመት 40 እና 28። ከዚያም 30 ዓመት ሲሆናቸው ወንዱ 51 ላይ፣ ሴቷ 31 ላይ ይደርሱና ለዓመታት እዚያው ይረጋሉ። ቁጥሮቹን ያመጣናቸው የእኛን ልጆች እንድንመዝንባቸው አይደለም፤ ለምን እንደማይሆን ወደኋላ እንናገራለን። ለጊዜው መንገዱን ብቻ እዩልን፦ እስከ 10 ዓመት ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላ እንደ መንታ መንገድ ይለያያሉ።

መለያያው ላይ ያለው ነገር ጉርምስና ነው። ሴት ልጅ በቁመት እጅግ የምትመዘዘው 12 ዓመት ገደማ፣ ወንድ ልጅ 14 ገደማ ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚመዘዝ ጤነኛ ልጅ ሞልቷል። በወንዱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ጉልበቱ ከቁመቱ ጋር እኩል አይመጣም፤ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይዘገያል። መጀመሪያ አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ተከትሎ ይሞላል። እናቱ «ሱሪው በየወሩ ያጥርበታል» የምትለው፣ ሜዳ ላይ እግሩ የሚጠላለፍበት፣ ሲጨብጥም እንደ ቁመቱ ያልሆነ ልጅ አለ አይደል? ደካማ ነው ተብሎ የሚሸኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጉልበቱ ገና በመንገድ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት የ13 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉ እንበል። አንዱ ቁመቱ 138 ሳ.ሜ.፣ ክብደቱ 31 ኪሎ ነው፤ 17 ኪሎ ጨበጠ። ሌላው 162 ሳ.ሜ.፣ 50 ኪሎ ነው፤ 30 ኪሎ ጨበጠ። በዝርዝሩ ላይ ሁለተኛው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አሁን የጨበጡትን ለክብደታቸው አካፍሉት። የመጀመሪያው 0.55፣ ሁለተኛው 0.60 ይሆናል፤ ያ ሁሉ ርቀት ጠፍቶ የእጅ ስፋት ያህል ቀረ። ትልቁ ልጅ ዕድገቱን እያገባደደ ሊሆን ይችላል፣ ትንሹ ገና አልጀመረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ከማን እንደሚበልጥ ከዚያ ቀን ቁጥር ማንበብ አይቻልም። ክብደት ማካፈሉም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ስብ የበዛበትን ልጅ ያለ አግባብ ዝቅ ያደርጋል። ሆኖም ጥሬውን ኪሎ ከመደርደር በብዙ ይሻላል።

ስፖርት የሚሠራና የማይሠራ ልጅ ምን ያህል ይለያያል ለሚለው፣ መልሱ በዕድሜውና በስፖርቱ ዓይነት ይወሰናል። ከጉርምስና በፊት ልዩነቱ ትንሽ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሠልጥኖ አይጠነክርም ማለት ግን አይደለም፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በአግባቡ የሠራ ልጅ በግልጽ ይጠነክራል። የሚጠነክረው ግን ጡንቻው አብጦ ሳይሆን፣ ነርቩ ያለውን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ስለሚለምድ ነው። ሲያቋርጥም ያገኘው ቀስ በቀስ ይመለስበታል። ከጉርምስና በኋላ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ያውም እጅ በሚሠራባቸው ስፖርቶች። ትግል፣ ጁዶ፣ ጅምናስቲክ፣ ቅርጫት ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ክብደት ማንሳት የሚሠሩ ወጣቶች ከእኩዮቻቸው ይበልጣሉ። ቴኒስ የሚጫወት ደግሞ ራኬት የሚይዝበት እጁ ከሌላው ጎልቶ ይጠነክራል። በእግር ኳስና በረጅም ሩጫ ከእኩዮቻቸው ብዙ ልዩነት መጠበቅ የለብንም። በሱሉልታ ሜዳና በእንጦጦ ጥድ መሀል ሲሮጥ የሚያድግ ልጅ ሰውነቱ ቀጭንና ቀላል ነው፤ የሚጨብጠው ኪሎ ለ10 ሺህ ሜትር የሚነግረን ነገር የለም። ሯጭን በዳይናሞሜትር መመልመል ዋናተኛን በዝላይ እንደ መመልመል ነው።

በተጨማሪም የሚረሳ ነገር አለ። ከእኩዮቹ የሚበልጥ ስፖርተኛ የበለጠው ስለሠለጠነ ብቻ ነው ወይስ መጀመሪያም ትልቁ ስለተመረጠ? አሠልጣኝ ቀድሞ የጎረመሰውን ሲመርጥ ከርሞ ቡድኑን ለክቶ «ሥልጠናዬ እጅ አጠነከረ» ቢል ራሱን አታለለ።

የእኛን አካባቢ ደግሞ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ውጭ አገር «ስፖርት የማይሠራ» ሲባል ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቁጭ የሚል ልጅ ሊሆን ይችላል። በከተማው ዳር ግን ፕሮጀክት ያልገባ ልጅ ሥራ ፈቷል ማለት አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን ይሸከማል፤ ያ ከነጀሪካኑ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። እንጨት ይፈልጣል፣ አሸዋ ይዝቃል። ሴት ልጅ የቤተሰቡን ልብስ በእጇ አጥባ ትጨምቃለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ቡና ትወቅጣለች። ስለዚህ መዝገብ ላይ «አይሠራም» ተብሎ የተጻፈ ልጅ ከተመዘገበው ቢበልጥ ሊያስደንቀን አይገባም። ይህን ስንል የቤት ሥራን ሥልጠና ነው እያልን አይደለም። ጀሪካኑ ሁልጊዜ ያው 20 ሊትር ነው፤ ለ9 ዓመት ልጅ ይበዛል፣ ለ16 ዓመት ልጅ አይጨምርም። ዕረፍት የለውም፣ ሁልጊዜም ባንድ ወገን ነው። ሥልጠና የሚባለው መጠኑ ከልጁ ጋር አብሮ ሲያድግ ነው።

አሁን ወደ ውጭ አገሩ ሠንጠረዥ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነበር። በልጅነት የቀረ ቁመት ክንድንና መዳፍን ያሳጥራል፣ ጉርምስናንም ሊያዘገይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በብሪታንያ ልጅ መስመር ላይ አስቀምጦ «ከአማካይ በታች» ማለት የሚነግረን ስለ ስልቻው እንጂ ስለ እህሉ አይደለም። ከራሱ ያለፈ ልኬት ጋር ማስተያየት ይሻላል። የከፍታው ነገርም ይነሣል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። የ3 ሰከንድ ጭብጥ ግን ትንፋሽ የሚያስፈልገው ሥራ ስላልሆነ ከፍታውን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

አለካኩ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚያ ነው።

መጀመሪያ አንጓ። እርሳስ በአምስት ጣታችሁ አጥብቃችሁ ጨብጡ፤ ሌላ ሰው እጃችሁን ከአንጓው ወደ ውስጥ እጥፍ ያድርገው። ጣቶቻችሁ ሳትፈልጉ ይላላሉ፣ እርሳሱም ይሾልካል። አንጓ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጣት አጣፊው ጡንቻ አስቀድሞ ስለሚያጥር የሚስብበት አቅም ያጣል። ልጅ ሲለካ አንጓው ቀጥ ያለ ወይም ወደ ላይ በጥቂቱ፣ እስከ 30 ዲግሪ ያህል፣ ቀና ያለ መሆን አለበት። ልጆች ኃይል ሲያጡ እጃቸውን ወደ ውስጥ ይቆለምማሉ፤ ያኔ አስቁማችሁ እንደገና አስጨብጡ።

አቀማመጡ ይህ ነው፦ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀምጦ፣ እግሩ መሬት ረግጦ፣ ትከሻው ሳይነሣ፣ የላይኛው ክንድ ከጎን ተጠግቶ፣ ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ እያየ። ቆሞ፣ እጅ ወደ ታች ተዘርግቶ የሚለካበት መንገድም አለ፤ እሱም ስህተት አይደለም። ስህተቱ መስከረም ላይ ተቀምጦ የተለካውን ልጅ ግንቦት ላይ ቆሞ መለካት ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም። አንዱን ምረጡና መዝገቡ ላይ ጻፉት።

መያዣው ለእጁ ልክ መሆን አለበት። ጃማር የሚባለው የዘይት ዳይናሞሜትር አምስት ቦታ አለው፤ የመጀመሪያው 3.5 ሳ.ሜ.፣ ሁለተኛው 4.8 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። ለአዋቂና ለጎረመሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይስማማል፤ ለትንንሾቹ የመጀመሪያው። ታኬ የሚባለው የጃፓን ሥሪት በብሎን ይስተካከላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ቀላል መነሻ ስንዝር ነው፦ ጣቶች እስከ መጨረሻው ተዘርግተው ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ይለካል፣ ለ4 ይካፈላል፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይታከልበታል። ስንዝሩ 16 ሳ.ሜ. ለሆነ ልጅ 4.5 ሳ.ሜ. ገደማ ይመጣል። መያዣው ሲሰፋ ልጁ በጣት ጫፍ ብቻ ይንጠለጠላል፤ ሲጠብ ደግሞ ጣቶቹ መዳፉን ይነኩና ኃይሉ እዚያ ያልቃል። ሁለቱም ጊዜ መርፌው የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ ነው።

ከዚያ «ጨብጥ!» ትላላችሁ፤ ሳይነጥቅ፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ለ3 ሰከንድ ይጨብጥ፣ ትንፋሹንም ሳያፍን ያውጣ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያላችሁ ለየእጁ ሦስት ጊዜ፤ በአንድ እጅ ሁለት ሙከራዎች መካከል ቢያንስ 1 ደቂቃ ይረፍ። ትልቁን ወይም የሦስቱን አማካይ ያዙ፤ የትኛውን እንደያዛችሁ ግን ከዓመት ዓመት አትቀያይሩ። የሚሠራበት እጅ በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 10 በመቶ፣ ይበልጣል፤ ግራኝ ልጅ ላይ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ አትገረሙ። ክንዱን ከጭኑ ወይም ከወንበሩ ጋር ካስደገፈ፣ ቀለበት ወይም የእጅ ሰዓት ካለበት፣ ሙከራው አይቆጠርም። ጓደኞቹ ከበው የሚጮሁለት ልጅ ብቻውን ከተለካው ይበልጣል፤ ስለዚህ ወይ ለሁሉም ጩኹ ወይ ለማንም አትጩኹ።

ሰዓቱም ይቆጠራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ በደነዘዘ ጣት የተለካ ልጅ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከተለካው ጋር አይወዳደርም። ውኃ ቀድቶ የመጣን ልጅ ወዲያው አትለኩ። በሁዳዴ ጾም ሳይበሉ የሚውሉ ልጆች ስላሉ ጥቅምትና ግንቦት ይመቻል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። በየሳምንቱ መለካት የሚያሳየው የመሣሪያውንና የልጁን ስሜት መዋዠቅ እንጂ ዕድገት አይደለም።

መሣሪያው ራሱ መፈተሽ አለበት፤ በሚኒባስ ከፍ ዝቅ ሲል የከረመ፣ አንዴም የወደቀ ዳይናሞሜትር ልክ ላይሆን ይችላል። 10 ሊትርና 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ በባለሱቅ ሚዛን መዝኑ፤ ዳይናሞሜትሩን አጥብቃችሁ አስራችሁ ጀሪካኑን በገመድ ከመያዣው መሀል ላይ አንጠልጥሉ። 20 ኪሎው ላይ ከ1 ኪሎ በላይ ከሳተ በዚያ መሣሪያ የተለካውን ከሌላው ጋር አታቀላቅሉ። ትልቁን ኪሎ ይዞ የሚቆመውን መርፌ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ወደ ዜሮ መመለስ ደግሞ ቀላል ይመስላል፤ ሲረሳ ግን ደካማው ልጅ የጠንካራውን ኪሎ ይዞ ይሄዳል።

ዳይናሞሜትር ለሌለው ትምህርት ቤት መርፌ ያለው የደም ግፊት መለኪያ ይሠራል። ጨርቁን ሦስት አጥፋችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ እስከ 100 ንፉት፣ በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አስተካክሉት፣ ከዚያ አየሩን እስከ 20 አውጡና ቫልቩን ዝጉ። ልጁ ሲጨብጠው መርፌው የደረሰበትን ጻፉ። ይህ ግፊት እንጂ ኪሎ አይደለም፤ ወደ ኪሎ አትለውጡት፣ መዳፉ ከተለያየ ልጅ ጋርም አታወዳድሩት። አንዱን ልጅ ከራሱ ጋር ለማስተያየት ብቻ ነው። ብዙዎቹ መለኪያዎች 300 ላይ ያበቃሉ፤ ጎረምሳ ልጅ ሊያልፈው ይችላል። ለሕክምና የሚያገለግለውን መለኪያ ለዚህ አትዋሱ፤ በተደጋጋሚ ጭብጥ ልኩ ሊዛባ ይችላል።

ከኪሎው ይልቅ ብዙ የሚነግራችሁ ግን የሜትር ገመድ ነው። በየሦስት ወሩ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ጫማ፣ ተረከዝና ጀርባ ከግድግዳ ተጣብቆ ቁመት ይለካ። ከጉርምስና በፊት ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳ.ሜ. ያድጋል። በሦስት ወር ከ2 ሳ.ሜ. በላይ የጨመረ ልጅ መመዘዝ ጀምሯል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ኪሎ ከዚህ ጋር አንብቡት።

ስለ ማጠንከር የምንለው አጭር ነው። እስከ 9 ዓመት ጨዋታ ይበቃል፦ ገመድ ጉተታ፣ የገና ጨዋታ፣ ብረት ላይ መንጠልጠል፣ ጭቃ ማቡካት። ከ10 ዓመት በላይ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተከታታይ ባልሆኑ ቀናት፣ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ሥራ መጨመር ይቻላል። ጀሪካን በየእጁ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በየእጁ 3 ሊትር፣ 20 ሜትር አራት ጊዜ፣ በመካከሉ 1 ደቂቃ ዕረፍት። ትከሻው ሳይዘነበል አራቱን ከጨረሰ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ትንሽ ሃይላንድ፣ ግማሽ ሊትር፣ በየእጁ ይጨመር። በየእጁ የክብደቱ አንድ አምስተኛ ሲደርስ ሊትሩን ተዉና ርቀቱን ጨምሩ። የጀሪካኑ ጆሮ ቀጭን ስለሆነ ጣት ይቆርጣል፤ ጨርቅ ካልተጠቀለለበት ልጁ የሚያቆመው ጉልበቱ አልቆ ሳይሆን ጣቱ አሞት ነው። የረጠበ ፎጣ በሁለቱም አቅጣጫ አምስት አምስት ጊዜ መጭመቅ ሌላው ነው። ጣት መክፈትንም አትርሱ፦ ላስቲክ በአምስቱ ጣቶች ዙሪያ አድርጎ 15 ጊዜ መዘርጋት የክንዱን የውጭ ጡንቻ ያነቃል። ቴኒስ ኳስ ቀኑን ሙሉ የሚጨምቅ ልጅ ድካም መቻልን እንጂ ከፍተኛ ኃይልን አያገኝም፤ ክርኑን ሊያመውም ይችላል።

ለመንጠልጠያ ባለ 3 ሩብ ኢንች የውኃ ቧንቧ ለትንንሽ እጅ ይስማማል፣ ባለ 1 ኢንች ለጎረመሱት። 10 ሰከንድ አራት ጊዜ ተጀምሮ እስከ 30 ሰከንድ ይሄዳል፤ እግሩ ከመሬት ከ30 ሳ.ሜ. በላይ አይነሣ። ያልተቀበረ የጎል ብረት ላይ ማንም እንዳይንጠለጠል፤ ተገልብጦ ጭንቅላት ላይ ይወድቃል፣ ልጅ ይገድላል። የባሕር ዛፍ አግዳሚም ከዝናብ በኋላ አይታመንም። በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው የሚሠሩት ክብደት ሁለቱ ወገን እኩል መሆኑ ሳይመዘን ለልጅ አይሰጥ።

የሚያስፈራን አንጓው ነው። ልጅ እያደገ እስካለ ድረስ የክንዱ አጥንት ጫፍ ላይ፣ አንጓው ዘንድ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ልም ክፍል አለ፤ ከአጥንቱም ከጅማቱም ይልቅ እሱ ይደክማል። ሰርከስና ጅምናስቲክ የሚሠሩ፣ በእጃቸው የሚቆሙ ልጆች በአውራ ጣት በኩል አንጓቸውን ካመማቸው «ይለምዱታል» አይባልም። እጅ ላይ መቆምም ፑሽ አፕም ይቁም፤ የአጥንት ሐኪም ይይ። ራጅ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ሕመሙ ካልጠፋ ግን ራጁን አምኖ መመለስ አይገባም። በጣት ጫፍ ጠርዝ ላይ መንጠልጠልም ጎርምሶ እስኪያበቃ ይቆይ፤ በመሀል ጣት አንጓ ላይ ያለውን ማደጊያ ሊሰነጥቅ ይችላል። በእጅ አንጓው ዘንድ ያለውን ይኸንኑ ማደጊያ ነው ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆነው የዓለም ዋንጫ በኤምአርአይ የሚያየው፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት ማለፉ ከሞላ ጎደል እርግጥ ነው።

ዕድሜ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ዓለም አቀፉ የዕድሜ መቁረጫ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ ታኅሣሥ 22። ስለዚህ ታኅሣሥ 25 የተወለደና በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 20 የተወለደ ልጅ በአንድ የዕድሜ ክልል ይገባሉ፤ በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ነው የሚቀረው። በ13 ዓመት አንድ ዓመት ብዙ ኪሎ ነው። መዝገብ ላይ «13» ብቻ ከመጻፍ ቀኑንና ወሩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ቀን ይረዳል።

ለዘንድሮው ምዝገባ የምንለምነው ቀላል ነው። ስሞቹ በኪሎ ሳይሆን በፊደል ተራ ይጻፉ። ከኪሎው ጎን የተወለደበት ቀን፣ ቁመት፣ ክብደትና ባለፈው ሦስት ወር የጨመረው ቁመት የሚገባባቸው አራት ዓምዶች ይሰመሩ። የመጨረሻው ዓምድ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ባዶ ይሆናል፤ ከመስቀል በኋላ ልጆቹ ተጠርተው እስኪለኩና ዓምዱ እስኪሞላ ድረስ በኪሎ ማነስ ማንም አይሸኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንገኝ የታዳጊ አሠልጣኞችና የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን